ከቡና ማጠቢያ ውሃ መብራት ይወጣል? ቮልቱን ተወውና ዋቱን ቁጠር

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የጅማ ልጅ ነው። የምህንድስና ተማሪ ነው፤ አባቱ ሰቃ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ አላቸው። እንዲህ ይላል፦ «ባክቴሪያ ከቆሻሻ ውሃ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ በቪዲዮ አየሁ። ቴስተሩ 0.9 ቮልት ያነባል። እኛ ጋ በቡና ወቅት በቀን 50 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ውሃ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ወደ ጅረቱ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ 10 ኪሎዋት ሞተር በጄነሬተር እናስነሳለን፣ ናፍጣው ገደለን። በዚህ ውሃ ጄነሬተሩን ማሳረፍ እችላለሁ? ለመመረቂያ ፕሮጀክቴስ ይሆነኛል?»

ሁለት ነገር ነው የጠየቅከኝ። ጄነሬተሩን ያሳርፋል ወይ ላልከው፣ አያሳርፍም። ለመመረቂያ ይሆናል ወይ ላልከው፣ በደንብ ይሆናል፤ ግን አንተ ባሰብከው መንገድ አይደለም። ትንሽ ሂሳብ አለው፣ ታገሠኝ።

ሳይንሱ ራሱ ውሸት አይደለም። የሚተነፍስ ነገር ሁሉ ምግብ ሲበላ ኤሌክትሮን ይተርፈዋል፤ ያንን የሆነ ቦታ መጣል አለበት። እኔና አንተ የምንጥለው ኦክስጅን ላይ ነው። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ብረት ላይ ይጥላሉ። ዝገት ይተነፍሳሉ ብትል አልተሳሳትክም። ጂኦባክተር የሚባለውን ወገን ዴሪክ ላቭሊ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ከፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ውስጥ አገኘው።

ይህን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግህም። የጅማ አፈር ቀይ የሆነው በብረት ዝገት ነው። እስቲ ቦዬ ረግረግ ዳር ሄደህ አካፋ አስገባ። ላይ ላዩ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ነው፤ ውሃ የጠገበው የታችኛው ግን ግራጫ ሆኖ ታገኘዋለህ። ቀለሙን ያጠፉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ኤሌክትሮናቸውን ብረቱ ላይ ሲጥሉ ብረቱ ይሟሟል፣ ቅላቱም አብሮ ይሄዳል። ማይክሮቢያል ፊውል ሴል የሚሉት ነገር፣ በባክቴሪያ የሚሠራ ባትሪ በለው፣ ዘዴው ይኸው ነው። ዝገቱን ነስተህ በምትኩ ካርቦን ትሰጣቸዋለህ። ኤሌክትሮኑን ካርቦኑ ላይ ይጥሉታል፤ እሱ አኖድ ነው። ከዚያ በሽቦ ዞሮ አየር የሚያገኝ ሌላ ካርቦን ጋ ይደርሳል፤ እሱ ካቶድ ነው። እዚያ ከኦክስጅንና በውሃው ውስጥ ካለፈው ፕሮቶን (የሃይድሮጅን እምብርት) ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል። በሽቦው ላይ ያለፈው ነው ኤሌክትሪክህ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ፖተር የሚባል እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1911 ከእርሾና ከባክቴሪያ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ባርኔት ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ባክቴሪያ ያለባቸው ብዙ የባትሪ ሴሎችን በተከታታይ አያይዞ ከ35 ቮልት በላይ አገኘ። 35 ቮልት! ስትሰማው የመኪና ባትሪ ያስንቃል። የኤሌክትሪክ ጅረቱ (ከረንቱ) ግን 2 ሚሊአምፔር ነበር። ቮልቱን በጅረቱ አባዛው፦ 0.07 ዋት። ስልክህን ቀስ አድርጎ የሚሞላው ቻርጀር 5 ዋት ይፈልጋል። የኮኸን 35 ቮልት 70 እጥፍ ያህል ይጎድለዋል ማለት ነው።

የኔም ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ቮልት ያታልላል። ቮልት ማለት ውሃው ከየት ከፍታ እንደሚወርድ ነው እንጂ ምን ያህል ውሃ እንደሚወርድ አይደለም። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ወፍጮ አያዞርም፤ ጣሪያው የፈለገውን ያህል ቢረዝም።

አሁን ወደ ቪዲዮህ ልመለስ። 0.9 ቮልት ስትል ገና ጠረጠርኩ። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት አሴቴት (የኮምጣጤ አሲድ ጨው) ቢሆንና በሌላው ጫፍ ኦክስጅን ቢኖር፣ በወረቀት ላይ የሚገኘው ጣሪያ 1.1 ቮልት ገደማ ነው። በተግባር፣ ምንም ሳታያይዝበት ስትለካው፣ ጥሩ የሚባለው ሴል ከ0.5 እስከ 0.8 ይሰጥሃል። ታዲያ 0.9 ከየት መጣ? ቪዲዮውን መልሰህ እየው። ከሁለቱ ብረቶች አንዱ ግራጫ ምስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሌላው የመዳብ ሽቦ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። ዚንክና መዳብ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ብትሰካ ያንኑ የሚያህል ቮልት ይሰጡሃል። ሎሚ ላይ ብትሰካቸውም ይሰጡሃል። ዚንኩ እየተበላ ነው እንጂ ባክቴሪያው ምንም አልሠራም። እንዲህ ያለ «ፈጠራ» በየኤግዚቢሽኑ ስንቴ እንዳየሁ አትጠይቀኝ።

መለየቱ ቀላል ነው። የብረት ባትሪ ልክ ስትሰካው ያነባል። የባክቴሪያ ግን ሰነፍ ነው፤ መጀመሪያ ዜሮ አካባቢ ይቆያል፤ ባክቴሪያዎቹ ካርቦኑ ላይ ተለጥፈው እስኪባዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ምግብ ሲያልቅ ይወርዳል፤ ስትመግበው እንደገና ይነሳል። ያንን መውጣትና መውረድ ካላየህ ባክቴሪያ አለኝ አትበል።

እኔም ብሆን ተሸውጃለሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ላብራቶሪ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። 8 ማሰሮዎች ነበሩኝ፣ እያንዳንዳቸው 0.6 ቮልት። በተከታታይ አያያዝኳቸው፤ 4.8 ሆነ። ትንሿን ኤልኢዲ አምፖል ሳገናኝ ብልጭ አለች። ደስ አለኝ። እንግዶቹ ሲገቡ ጠፍታለች። ማታውን አንድ በአንድ ስለካ አንደኛው ማሰሮ ምግብ ጨርሶ ቮልቱ ተገልብጧል፤ ሌሎቹ የሚገፉትን እሱ ይውጣል። በተከታታይ ያያያዝካቸው ሴሎች ውስጥ አንድ ደካማ ካለ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። ባክቴሪያ ደግሞ እኩል አይደክምም። ይህ ችግር እስከ ዛሬ ድረስ ቴክኖሎጂውን ከያዙት ነገሮች አንዱ ነው።

እንግዲህ የአባትህን ውሃ እንቁጠረው። የቡና ማጠቢያ ውሃ ከባድ ነው። ያ ዝልግልጉ የፍሬው ሽፋን ስኳርና ፔክቲን ነው፤ ሁሉም ውሃው ውስጥ ይገባል። ብክለቱን የምንለካው ሲኦዲ በምንለው ነው፦ ውሃው ውስጥ ያለውን ለማቃጠል ስንት ኦክስጅን ያስፈልጋል? የቡና ውሃ በሊትር ከጥቂት ግራም እስከ አሥር ግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የናንተን 5 ግራም እንበል። 50 ኪዩቢክ ሜትር ሲሆን በቀን 250 ኪሎ ሲኦዲ ይሆናል።

አንድ ግራም ሲኦዲ 12 ሺህ ኩሎምብ ያህል ኤሌክትሮን አለው። ሴሉ በሥራ ላይ 0.3 ቮልት ቢይዝ፣ ከአንድ ኪሎ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል ማለት ነው። ከ250 ኪሎ 250 ኪሎዋት ሰዓት። ይህን ስታይ ልብህ ይቆም ይሆናል፤ ቆይ። ሁሉም ኤሌክትሮን ወደ ሽቦው አይሄድም። ሚቴን ጋዝ የሚሠሩ ሌሎች ተዋሕሲያን ይቀራመቱታል፤ ሾልኮ የገባ ኦክስጅንም ይበላዋል። 30 በመቶውን ብትይዝ ጎበዝ ነህ። 75 ኪሎዋት ሰዓት ቀረህ። «ይህም እኮ ብዙ ነው» ትለኛለህ። እውነት ነው፤ ለ10 ኪሎዋት ሞተር የ7 ሰዓት ተኩል ሥራ ነው።

ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት በካርቦኑ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ እንደ ስስ ሽፋን ተለጥፈው። ታንከሩ መሃል ያለው ውሃ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ከላብራቶሪ ወጥተው ተለቅ ብለው የተሠሩ ሴሎች ከአንድ ኪዩቢክ ሜትር የሚሰጡት ጥቂት ዋት ነው። እኔ ላዳላልህና 10 ዋት ልበል። ለ10 ኪሎዋት 1,000 ኪዩቢክ ሜትር ያስፈልግሃል። ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ አስብ፤ 100 ሮቶ ደርድር። ባዶ ሮቶ አይደለም፤ ውስጡ በካርቦን፣ በሽቦና በመለያ ግድግዳ የታጨቀ። ቀንና ሌሊት ባትሪ ላይ እያጠራቀምኩ እሠራለሁ ብትል እንኳ ከ30 ሮቶ አትወርድም። አባትህ በዚህ ዋጋ ስንት ዓመት ናፍጣ ይገዙ ነበር? እሱን ለራሳቸው ተውላቸው።

ሰውም ሞክሮታል። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ኩዊንስላንድ፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ቢራ ፋብሪካ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲህ ያለ ነገር ተክለው ነበር። ገንዘብም እውቀትም የነበራቸው ሰዎች፣ ስኳር የጠገበ ውሃ አጠገባቸው እያለ፣ ተስፋ ያደረጉት 2 ኪሎዋት ነበር። ቢራ ፋብሪካውን ሊያስኬዱበት ያሰበ ማንም አልነበረም።

ታዲያ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ካለ በምን ይውጣ? በባዮጋዝ ነው። አሮጌ መልስ ነው፣ አውቃለሁ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋን አያምርም። ግን ሂሳቡን እየው። ከ250 ኪሎው ሲኦዲ 70 በመቶው ቢፈርስ፣ ኪሎው 0.35 ኪዩቢክ ሜትር ሚቴን ይሰጣል፤ 61 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ሚቴን በሙቀት ሲለካ ከአንድ ሊትር ናፍጣ ጋር ይቀራረባል። በቀን 60 ሊትር ናፍጣ ጅረት ውስጥ እየደፋችሁ ነው እንበል። ግማሹን ብቻ ብታገኙም 30 ነው። ያላችሁን የናፍጣ ጄነሬተር መጣልም አያስፈልግም። ጋዙን በአየር ማስገቢያው በኩል ትሰጠዋለህ፤ ናፍጣው ለማቀጣጠል ያህል ትንሽ ይቀራል፣ አብዛኛውን ሥራ ጋዙ ይሠራል። ጋዙ ግን መጀመሪያ በዛገ የብረት ፍቅፋቂ ውስጥ ይለፍ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ አብሮት አለ፤ ሞተሩን ይበላዋል።

ባዮጋዙም ጣጣ አለበት፣ አልዋሽህም። የቡና ውሃ ሲያድር ይኮመጥጣል፤ ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) 4 አካባቢ ይወርዳል። ሚቴን ሠሪዎቹ ደግሞ 7 አካባቢ ካልሆነ አይሠሩም። ኖራ ያስፈልጋል። መጠኑም ትንሽ አይደለም። በገጠር ቤቶች የሚቆፈሩት ባዮጋዞች 6 ኪዩቢክ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ለእናንተ ቢያንስ 20 እጥፉ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ወቅቱ ነው። እሸት ቡና ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባክቴሪያዎቹ ጾም ይገባሉ። በቀረው ጊዜ የከብት እበት ካልተሰጣቸው በሚቀጥለው ጥቅምት እንደ አዲስ ትጀምራለህ። ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የመፈልፈያውን ውሃ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። ውሃው ሲቀንስ ይወፍራል፣ ጉድጓዱም ያንሳል። ይህ ምንም ቴክኖሎጂ አይፈልግም፤ ፓምፕና ማስተኛ ገንዳ ነው።

(በነገራችን ላይ የሰቃ ጅረቶች መጨረሻቸው ግልገል ጊቤ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ 184 ሜጋዋት የኃይል ማመንጫ አለ። እና የአባትህ ውሃ አንዴውኑ ተርባይን እያዞረ ነው ማለት ይቻላል። ግን መንገድ ላይ የጅረቱን ኦክስጅን ጨርሶ፣ ዓሣውን ገድሎ፣ የታችኛውን ሰፈር ሰው አፍንጫ አስይዞ ነው የሚሄደው።)

ወደ ፕሮጀክትህ እንምጣ። እኔ አንተን ብሆን በአንድ ማሰሮ እጀምራለሁ። ቀልድ አይደለም። ፕሮቶኑን አሳልፎ አየሩን የሚከለክል ግድግዳ ያስፈልግሃል። ከውጭ የሚመጣው ሜምብሬን ውድ ነው። ብሪስቶል የነበሩት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች፣ በዮአኒስ ኢየሮፑሎስ ይመሩ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በሽንት ስልክ የሞሉት፣ በ2015 ደግሞ በአንድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የሽንት ቤት መብራት ያበሩት፣ በሸክላ ሠርተዋል። ሸክላ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ሂርማታ ገበያ ሂድና ትንሽ ማሰሮ ግዛ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያልተሟሸ ይሁን። የተሟሸ ማሰሮ ቀዳዳው በቅባት ተደፍኗል፤ ለወጥ ጥሩ ነው፣ ለፕሮቶን ግድግዳ ነው። የእናትህን ማሰሮ አንስተህ ከመጣህ ሁለት ጊዜ ትከስራለህ፤ አንድ በሙከራው፣ አንድ በእናትህ። ስትገዛው ውሃ ሙላበትና አሳድረው። ጠዋት ውጭው ወዝቶ ካገኘኸው እሱ ነው የምትፈልገው።

ለካርቦኑ የተራውን ርካሽ የባትሪ ድንጋይ ፍታ። መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ዘንግ ነው የሚፈለገው። አልካላይን የሚል ከተጻፈበት ተወው፣ ዘንግ የለውም። ዘንጉ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ነው፤ ፍቀህ በደንብ እጠበው። ካላጠብከው እሱ ራሱ ውሸት ቮልት ይሰጥሃል፤ እንደ ቪዲዮው ትሆናለህ። ከሰልስ? ከሰል ሁሉ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቴስተሩ ኦም ላይ አድርገህ ለካ። በኃይለኛ ሙቀት የከሰለው ያሳልፋል፤ የተራው የቤት ከሰል ብዙ ጊዜ እንደ እንጨት ዝም ይላል።

ማሰሮው ውስጥ ዘንጎቹን፣ የሚያሳልፈውን ከሰል ስባሪና ጭቃውን ትጨምራለህ። ጭቃውን ከረግረግ፣ ከግራጫው አፈር አምጣ። ከቄራ ፈርስ ብታገኝ እፍኝ ጨምርበት፤ ሆድ ውስጥ የነበሩት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይሰባብሩታል፣ ጂኦባክተሮቹ ደግሞ ያንን ይበላሉ። ጂኦባክተር ስኳር አይበላም፤ የሌላው ትራፊ ነው ምግቡ። የቡናውን ውሃ በኖራ ወደ 7 አድርሰህ ሙላና አፉን ግጠመው፣ አየር አይግባ። ማሰሮውን ጨው ጣል ያለበት ውሃ ባለው ሳፋ ውስጥ አስቀምጥ። የካቶዱን ካርቦን ግማሹን ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን አየር ላይ አድርገህ ከማሰሮው ጋር አስጠጋው።

ከዚያ በሁለቱ መሃል የ1,000 ኦም ሬዚስተር አስገባ። ቮልቱን እሱ ላይ ለካ፤ ባዶውን አትለካ። 0.4 ቮልት ብታገኝ ጅረቱ 0.4 ሚሊአምፔር፣ ኃይሉ 0.16 ሚሊዋት ነው። ስልክ ለመሙላት 31,250 ማሰሮ ያስፈልግሃል። ይህን ቁጥር ከጽሑፍህ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አድርገው። ፈታኞችህ ይወዱታል፤ ቢያንስ የተሸወድክ አይመስላቸውም። አጠገቡ ሌላ ማሰሮ አስቀምጥ፣ ሁሉ ነገር አንድ ሆኖ ጭቃው ተቀቅሎ የቀዘቀዘ። ሁለቱ የሚለያዩት በባክቴሪያው ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልዩነት ማስረጃህ ነው።

«ይቺ 0.16 ሚሊዋት ታዲያ ምን ልትጠቅም?» ካልክ፣ እኔን የሚያጓጓኝ ይሄ ክፍል ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርምር ላብራቶሪ ሰዎች በዚያው በፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ውስጥ ካርቦን ቀብረው፣ የአየር ሁኔታ የሚለካ ተንሳፋፊ መሣሪያ ያለ ባትሪ አሠርተዋል። ትንሽ ጉልበት የሚበቃው ሥራ አለ ማለት ነው። ከዚያም የሚበልጠው፣ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ራሱ ወሬ ነጋሪ መሆኑ ነው። ውሃው ሲቆሽሽ ባክቴሪያዎቹ ብዙ ይበላሉ፣ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ይጨምራል፤ ሲጠራ ይቀንሳል። ውሃ ምን ያህል እንደተበከለ በባዮሎጂ መንገድ ለማወቅ የተለመደው ምርመራ 5 ቀን ይፈጃል። በ5 ቀን ውስጥ የአባትህ ውሃ ጊቤ ደርሷል። ማሰሮህ ግን በሰዓታት ውስጥ ይነግርሃል።

ስለዚህ ርዕስህን ቀይረው። «ከቡና ውሃ ኤሌክትሪክ ማመንጨት» ብለው ብዙ ሰዎች ጽፈዋል፤ አንተም ብትጽፈው 0.16 ሚሊዋትህን ይዘህ ትቆማለህ። «የቡና ማጠቢያ ፍሳሽን ብክለት በሸክላ ሴል መለካት» ብትል ግን እዚያው ሰቃ የሚያገለግል ነገር ነው። ከማጣሪያ ጉድጓዱ በሚወጣው ቦይ ላይ ትተክለዋለህ። አንድ ወጥመድ አለው፦ የቡና ውሃ እንዳለ ከገባ ባክቴሪያዎቹ ይጠግባሉ፤ ከጠገቡ በኋላ በሊትር 2 ግራም ይሁን 8 ግራም አይለዩትም። አሥር እጅ፣ ካስፈለገም ሃምሳ እጅ አቅጥነህ ስጣቸው። ቅጥነቱን ካገኘህ በኋላ በሚታወቅ መጠን ስኳር ውሃ እየለካህ ሰንጠረዥህን ሥራ። ሙቀቱንም አብረህ መዝግብ፤ የጅማ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ይወርዳልና ውሃው የጠራ ይመስልሃል።

ጊዜውን አስላ። ባክቴሪያዎቹ ለመልመድ ሦስት ሳምንት ያህል ስጣቸው፤ እሸቱ ደግሞ ጥቅምት ላይ ይጀምራል። ማሰሮውን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግዛ፣ መስከረምን በሙሉ በስኳር ውሃ መግበህ አቆየው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለካ፤ ጠዋት ከሆነ ሁልጊዜ ጠዋት። የመጀመሪያው ሳምንት ንባብ 0.02፣ 0.03 ቢሆን አትደንግጥ። በመጀመሪያው ቀን 0.9 ካነበበ ግን ፍታውና ምስማር ፈልግ።